የመመለሻው መንገድ፦ በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚታዩ እንግዳ የኤሌክትሪክ ብልሽቶችን ስለ መመርመር



ስለ አሮጌ መኪና በዩኒቨርሲቲ መድረክ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ያልተለመደ ይመስል ይሆናል። ጉዳዩ ግን ከአካባቢያችን ኑሮ የራቀ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለሆነም ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ ወደ ቀብሪ በያህና በካራማራ በኩል ወደ ሐረር የሚመላለሱት አሮጌ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት አብረውን ይኖራሉ። ካራማራን በሌሊት ለሚወርድ ሾፌር የደበዘዘ መብራት የሕይወት ጉዳይ ነው።

እነዚህ መኪኖች የሚያሳዩት ምልክት ብዙ ጊዜ ግራ ያጋባል። ፍሬን ሲረገጥ የዳሽቦርዱ መብራት ፈዘዝ ብሎ ይበራል፤ ፍሬቻ ሲበራ የኋላው መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሞተሩ አንድ ቀን ይነሣል፣ በማግስቱ እምቢ ይላል። የተለመደው መልስ ዕቃ መለወጥ ነው፦ መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ዲናሞ፣ በመጨረሻም ሞተሪኖ። ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ ብልሽቱ ግን ባለበት ይቆያል።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ እንዲህ ያለ እንግዳ ምልክት ሲታይ ከዕቃው በፊት መንገዱ ይመርመር። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። በመኪና ውስጥ የመመለሻው መንገድ ባለሙያዎቻችን «ማሳ» የሚሉት የመኪናው ብረት ራሱ ነው። ሽቦው ከብረቱ ጋር የሚታሰርበት ቡሎን በአቧራ፣ በዝናብና በንዝረት ብዛት ይዝጋል፣ ይላላል። የኋላው መብራት ማሳ ሲቋረጥ የፍሬኑ ኤሌክትሪክ በዚያው ቤት ባለው በሌላው አምፖል ክር በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ዳሽቦርዱ ድረስ መውጫ ይፈልጋል። እንግዳ የመሰለን ነገር የፊዚክስ ሕግ በትክክል ሲሠራ ነው።

ጌዎርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ መጠኑን ያሳየናል። ባለ 12 ቮልት፣ 55 ዋት የፊት አምፖል ሲበራ 2.6 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። በዛገ ማሳ ላይ 0.5 ኦም ቢጨመር 1.9 ቮልት ያህል እዚያው ይባክናል፤ የብርሃኑም መጠን ወደ ግማሽ ይወርዳል። 150 አምፔር ለሚስብ ሞተሪኖ ደግሞ 0.01 ኦም ብቻ 1.5 ቮልት ይበላል። ይህን ያህል ጥቂት ተቃውሞ ተራ መለኪያ በኦም ሊያሳየን አይችልም፤ የመለኪያው ገመዶች ተቃውሞ ራሱ ከዚያ ይበልጣልና። ከብዙ ክሮቹ አንዱ ብቻ የቀረ ሽቦም ሥራ ሳይኖርበት ቢለካ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል።

ስለዚህ የሚለካው መሣሪያው በሥራ ላይ ሳለ ነው። መብራቱን አብሩ። የመለኪያውን ጥቁር ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ቀዩን በአምፖሉ ማሳ ላይ አድርጉ። ንባቡ ከ0.2 ቮልት ካልበለጠ መንገዱ ጤነኛ ነው። ከበለጠ ቀዩን ጫፍ ከአምፖሉ ወደ ሽቦው ጫፍ፣ ከዚያ ወደ መኪናው ብረት፣ በመጨረሻም ወደ ባትሪው ማሰሪያ ደረጃ በደረጃ አንቀሳቅሱ። ንባቡ በድንገት ከወረደ፣ ብልሽቱ በእነዚያ ሁለት ነጥቦች መካከል ነው። በፖዚቲቩም በኩል የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀትና አንድ ቁልፍ ነው።

መኪናው ቆሞ ሲያድር ባትሪው የሚያልቅ ከሆነም አመክንዮው አይለወጥም። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ በሮቹን ዘግታችሁ አምፔር መለኪያውን በኔጋቲቩ ገመድና በባትሪው መካከል አስገቡ፤ በዚያ ጊዜ ሞተሩን ለማስነሣት አትሞክሩ። 0.05 አምፔር ያህል የተለመደ ነው። 0.5 አምፔር ከሆነ ግን በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይፈስሳል፤ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአምስት ቀን ይራቆታል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ስትነቅሉ ንባቡን የሚያወርደው ፊውዝ ጥፋተኛውን መስመር ይነግራችኋል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ደጋግሞ የሚቃጠል ፊውዝን በሽቦ መተካት ብልሽቱን አይጠግንም፤ እሳቱን ከፊውዙ ወደ ገመዱ ያዛውረዋል እንጂ።

ውድ ተማሪዎች፤ በከተማችን ጋራዦች የብዙ ዓመት የእጅ ዕውቀት አለ። ከእናንተ የሚጠበቀው ያንን ዕውቀት አክብራችሁ የመለካትን ልማድ መጨመር ነው። ሳይለካ የተለወጠ ዕቃ ግምት ነው፤ የግምቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ የመኪናው ባለቤት ነው።