ልብ ሲደክም ደም ይናገራል

የጭላሎን ዳገት ስንወጣ ብናለከልክ «ከፍታው ነው» ብለን እናልፈዋለን። ልባችን ደክሞ እንደሆነስ?

የልብ ግድግዳ ሲወጠር ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። ጥቂት ደም ከክንድ ተቀድቶ መጠኑ ይለካል።

እድር መዋጮ እንጂ ደም አይጠይቅም። የሕይወት መድን ግን ለሟች ቤተሰብ ብዙ ገንዘብ የመክፈል ውል ስለሆነ ጤና ይመረምራል። በአሜሪካ አንዳንድ መድን ድርጅቶች በተለይ በዕድሜ የገፉትን በዚሁ ንጥረ ነገር ይመዝናሉ፤ መጠኑ ከፍ ካለ አረቦኑ ይጨምራል፣ አለዚያም ውሉ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይደለም። ዕድሜና የኩላሊት ሕመም ከፍ ያደርጉታል፤ ውፍረት ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ መድን የተከለከለ ሰው «አለቀልኝ» አይበል፤ ውጤቱን ይዞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ምርመራው ከመድን ድርጅቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ባለ ልቡን ነውና!