የሬዲዮ ሞገድ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ዋጋውስ በምን ይለካል?

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ ለዋና ከተማይቱ ውሃ ሲያቀብል ዘመናትን አስቆጥሯል። ውሃው በቆጣሪ ይሸጣል፤ ይሁንና ግድቡን የግል ርስቴ ነው የሚል የለም። በዓይን የማይታየው የሬዲዮ ሞገድም እንዲሁ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው። ሁለት ድርጅቶች በአንድ ስፍራ በአንድ ሞገድ ቢያስተላልፉ አንዱ ሌላውን ያውካልና፣ ሞገዱን መደልደል የመንግሥት ግዴታ ይሆናል።

ሕንድ በፈረንጆች 2008 ፈቃዱን ቀድሞ ለመጣ በቆየ ዋጋ አደለች፤ በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ 122 ፈቃዶችን ሰረዘ። ጨረታ እንዲህ ላለው የጓዳ ድልድል በር ስለሚዘጋ እንደግፈዋለን። ሆኖም ግምጃ ቤት መሙያ ብቻ ሲሆን ሌላ ቅራኔ ይወልዳል። በ2000 ብሪታንያ ከአምስት ፈቃዶች 22.5 ቢሊዮን ፓውንድ ሰበሰበች፤ በዚያው ወቅት በአውሮፓ ለሞገድ የተከፈለው ገንዘብ ኩባንያዎቹን በዕዳ ዘፈቃቸው።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከወጣ በኋላ ሁለት ፈቃዶች ለጨረታ ቀረቡ። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የሚገኝበት ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር አንዱን ማሸነፉ ተገለጸ። ኤም.ቲ.ኤን. ያቀረበው 600 ሚሊዮን ግን ተቀባይነት አላገኘም። የሕዝብ ሀብት በተገኘው ዋጋ አይለቀቅምና ውሳኔው አግባብ ነበር እንላለን። (የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በፈቃዱ አለመካተቱም ዋጋውን ሳይጫነው አልቀረም፤ ይኸው መብት በ2015 ዓ.ም. ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ150 ሚሊዮን ዶላር ለብቻው ተሰጥቷል።)

ነገር ግን እምቢታም ዋጋ አለው። የገፈርሳ ውሃ ዛሬ ባይቀዳ ለነገ ይጠራቀማል፤ ሥራ ፈትቶ የዋለ ሞገድ ግን የባከነ ነው፤ የትናንቱን ዛሬ ማንም አይጠቀምበትም። ሁለተኛው ፈቃድ በ2015 ዓ.ም. ዳግም ለጨረታ ሲወጣ መመዘን የነበረበት በዶላሩ መጠን ብቻ አልነበረም። ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ያለው ሞገድ ሩቅ ስለሚደርስ በጥቂት ማማዎች ሰፊ ገጠር ይሸፍናል፤ ከፍተኛው ሞገድ ብዙ መረጃ ቢሸከምም በቅርብ ይቀራል፣ የሚጠቅመውም በይበልጥ እንደ ቡራዩና ሰበታ ሕዝብ ለተጠጋጋባቸው ከተሞች ነው። ባለካፒታል ትርፉን ተከትሎ ማማውን በከተማ ቢያበዛ አያስገርምም። ስለዚህ ዝቅተኛውን ሞገድ የሚረከብ ድርጅት በየትኛው ወረዳ፣ በስንት ዓመት ውስጥ ማማ እንደሚተክል፣ ሳይተክል ቢቀርም የሚቀጣው ቅጣት በፈቃዱ ተጽፎ፣ ፈቃዱም ለሕዝብ በይፋ እንዲታተም እንጠይቃለን።