ፍሬሙ ስንት? ፎቶውስ?

«መጀመሪያ መቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ ይባላል። ግድግዳ ለማስዋብ ፎቶ የሚገዙ ብዙ ነጋዴዎች ግን የሚጀምሩት ከመቀመጫው ሳይሆን ከፍሬሙ ነው።

እንበል፣ በምሥራቅ ጎጃም አማኑኤል ከተማ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው አስፋልት ዳር አንድ ሰው ሃያ ክፍል ያለው ሆቴል ሊከፍት ነው። አልጋውና ፍራሹ ገብቷል፤ ግድግዳው ግን ባዶ ነው። አንድ ደላላ በመስታወት የታሸገ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዞለት ይመጣል። በእንስሳት ማቆያ ውስጥ የተነሣ ጎሪላ ነው፤ ፊቱ እንደ ሽማግሌ የተከዘ። «የጥንት ነው» ይላል ደላላው፤ የሚጠራውም የጥንት ዋጋ ነው። ባለ ሆቴሉ ምን ብሎ ይከራከር?

አንድ ፊት፣ ሦስት ዋጋ

በዚህ ዓይነቱ ንግድ ስሙ የታወቀ አንድ ጎሪላ አለ። ጋይ ይባላል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 1947 ገና ግልገል ሳለ ለንደን የእንስሳት ማቆያ ገባ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1978ም የከተማዋ ሕዝብ እንደ ዘመድ ሲጠይቀው ኖረ። ቪየና ተወልዶ እንግሊዝ አገር የኖረው ፎቶ አንሺ ቮልፍ ሱሺትስኪ በ1958 ያነሣው የጋይ ፎቶ ዛሬም በሰብሳቢዎች ዘንድ ይታወቃል።

ይህን የመሰለ ፎቶ ለገበያ የሚቀርበው በሦስት መልክ ነው። አንደኛው ፎቶው በተነሣበት ዘመን ራሱ አንሺው ወይም በእሱ ትእዛዝ የታተመ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ከዚያው ኔጋቲቭ ከብዙ ዓመት በኋላ የታተመ፣ አንዳንዴም አንሺው የፈረመበት ነው። ሦስተኛው በማሽን በብዛት የሚባዛ ፖስተር ነው። ፊቱ አንድ ነው፤ ዋጋው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጤፍ ሲወደድ ገበሬው በሚቀጥለው ክረምት ጨምሮ ይዘራል። በ1958 የታተመ ወረቀት ግን የቱንም ያህል ቢወደድ ዛሬ ሊጨመር አይችልም። ፖስተሩ በአንጻሩ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ገዢ የሚከፍለው ለመልኩ ሳይሆን ለእጥረቱ ነው። እጥረቱን የሚያረጋግጠው ደግሞ የደላላው አፍ ሳይሆን ከወረቀቱ ጀርባ የሚገኝ ማኅተም፣ ፊርማና ዓመተ ምሕረት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ፎቶውን አባዝቶ ለመሸጥ ያሰበ ሰው ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል። ወረቀቱን መግዛት የማባዛት መብትን መግዛት አይደለም። በእኛ አገር በዐዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የፎቶግራፍ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት የሚጠበቀው ፎቶው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው። በእንግሊዝ ግን መብቱ አንሺው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ሱሺትስኪ የሞተው በ2016 ስለሆነ የጋይ ፎቶ እዚያ እስከ 2086 መጨረሻ ባለቤት አለው። ቅጂ አሳትሞ ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ነጋዴ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ከሕግ ባለሙያ ጋር ቢመክርበት ይሻለዋል።

የሰው ፎቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ባለመልኩ ፈቃድ በአደባባይ መስቀልን፣ ማባዛትንም ሆነ ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ዝንጀሮ ፈቃድ አትጠየቅም። ለግድግዳ ንግድ የእንስሳ ፎቶ ከጣጣ የራቀ ሸቀጥ የሚሆነውም በዚህ ነው።

የእኛዋስ?

ጎሪላም ሆነ ቺምፓንዚ የአገራችን እንስሳት አይደሉም። ሁለቱም ጅራት የላቸውም። በአንጻሩ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ጅራታሙ ጭላዳ ከኢትዮጵያ በስተቀር በሌላ አገር በዱር አይገኝም። ሰሜን ተራሮችና መንዝ ጓሳ ቤቶቹ ናቸው። የኒው ዮርኩ ብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ እ.ኤ.አ. በ1990 የኢትዮጵያን ደጋ አስመስሎ ሥፍራ ያዘጋጀው ለእሱ ሲል ነው። ታዲያ የጎጃም ሆቴል ግድግዳ የባዕድ ጎሪላ በውድ ከሚገዛ የአገሩን ጭላዳ ቢሰቅል ለእንግዳውም የሚያወራው ነገር ያገኝ ነበር።

አሮጌ ፎቶስ ከየት ይምጣ? ከአጼ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት የቦያጂያን ቤተሰብ ያቆዩት ሥራ፣ ፎቶ ቤት የታሪክ መዝገብ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ የመጣ እንግዳም እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመውን የስድስት ኪሎውን አንበሳ ግቢ ሳያይና ፎቶ ሳይነሣ መመለስ አይወድም ነበር። የዚህ ዓይነቱ ፎቶ ኔጋቲቭ በየፎቶ ቤቱ ጓዳ በካርቶን ሊገኝ ይችላል። ዲጂታል ካሜራ ከመጣ ወዲህ ጨለማ ክፍሉ ሥራ ፈትቷል፤ ካርቶኑም እንደ ቆሻሻ ይታያል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። የተጣለ ኔጋቲቭ በምንም ገንዘብ አይተካም፤ ማን፣ የትና መቼ እንዳነሣው ካልተጻፈበትም ግማሽ ዋጋው ያኔውኑ ጠፍቷል።

ባለ ሆቴላችን ብልህ ከሆነ አንድ ዋና ፎቶ በሳሎን ሰቅሎ፣ ለሃያዎቹ ክፍሎች ከባለ ኔጋቲቩ ጋር ተዋውሎ ቅጂ ያሳትማል። የአንሺውንም ስም ከሥር ይጽፋል።

ፍሬሙም ወግ አለው። በወጉ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ ዋንዛ ይሻላል። መስታወቱ ፎቶውን እንዳይነካ በዙሪያው የካርቶን ጠርዝ ይግባበት፤ አለዚያ በክረምት እርጥበት ይጣበቃል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበትና የወጥ ቤት ጭስ የሚደርስበት ግድግዳ አይመረጥም።

እንግዲህ ደላላው «የጥንት ነው» ሲል መልሱ አጭር ነው። ፍሬሙን ገልብጡና ጀርባውን እዩ። ማኅተም፣ ስምና ዓመት ካለበት ስለ ፎቶው ተከራከሩ። ባዶ ከሆነ የሚሸጥላችሁ እንጨትና መስታወት ነውና የእንጨትና የመስታወት ዋጋ ክፈሉ። ዝንጀሮዋስ ከመቀመጫዋ የጀመረችው ያለ ነገር ነው?