ባጃጅ አልነሳ ሲል ጥፋቱን በተራ እንፈልግ



በቢቸናና በሞጣ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚወስዱት መንገዶች ላይ ባጃጅ ሰውም እህልም ያመላልሳል። የጤፍ ዋጋ አጠራቅሞ ለልጁ ባጃጅ የገዛ ገበሬ አለ። ምጥ የያዛት እናትም በሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው። ስለዚህ ባጃጅ ሲቆም የቤተሰብ ገቢ ይቆማል፤ አንዳንዴም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ትንሽ ነው። በተራ ስለማይፈለግ ደህናው ዕቃ ተፈትቶ ይጣላል፤ ገንዘብም በከንቱ ይወጣል። እናንተ ደግሞ ፊደልና ቁጥር ለይታችኋል። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ቁጥርና ምልክት አንብባችሁ ጥፋቱን ልታገኙት ትችላላችሁ።

ሞተር በምን ይነሳል?

ጉልቻ መካከል እሳት ለማንደድ እንጨት፣ አየርና ክብሪት ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተርም እንዲሁ ነው። እንጨቱ ቤንዚን ነው፤ አየሩ በማጣሪያው በኩል ይገባል፤ ክብሪቱ ካንዴላ ነው። ቤንዚንና አየር ተደባልቀው በሞተሩ ውስጥ ይታመቃሉ። ካንዴላው ፍንጣሪ ሲሰጣቸው ይቀጣጠላሉ፤ ሞተሩም ይዞራል። ባትሪው 12 ቮልት ብቻ ነው፤ ይህ ለፍንጣሪ አይበቃም። ስለዚህ ኮይል የሚባለው ዕቃ ኃይሉን ከ10,000 ቮልት በላይ ያደርሰዋል።

1ኛ. ከቀላሉ ጀምሩ

ቤንዚን አለ ወይ? የቤንዚኑ መክፈቻ ተከፍቷል? ቤንዚን በጄሪካን ወይም በሃይላንድ ከተገዛ ውሃ ሊኖርበት ይችላል። ጥቂቱን በጠርሙስ ቅዱና አስቀምጡት፤ ውሃ ካለ ከታች ይዘቅጣል።

2ኛ. ባትሪና ቫልቮላ

ቁልፉን አዙራችሁ መብራትና ጡሩምባ ሞክሩ። ሁለቱም እምቢ ካሉ ወደ ባትሪው ሂዱ። በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ መሳይ ነገር ካለ ኃይል አያሳልፍም። መጀመሪያ የ (−) ምልክት ያለበትን ሽቦ ፍቱ፤ ቀጥሎ የ (+) ምልክት ያለበትን። በሞቀ ውሃና በጨርቅ ጠርጉ፤ አድርቁ። ስትመልሱ (+) ይቀድማል፤ (−) መጨረሻ ነው። ሽቦዎቹን አታለዋውጡ። የባትሪው ውሃ በጎኑ ካሉት ከሁለቱ መስመሮች መካከል መሆን አለበት። ከጎደለ የሚጨመረው ለባትሪ የተጣራ ውሃ ብቻ ነው እንጂ የምንጭ ውሃ አይደለም።

ቫልቮላው ደግሞ በውስጡ ቀጭን ሽቦ አለው። ሽቦው ከተቃጠለ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡና ያንኑ ቁጥር ግዙ። በምትኩ የሽቦ ቁራጭ ወይም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ማስገባት ባጃጁን እስከማቃጠል ያደርሳል። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የተላጠ ሽቦ ብረት እየነካ ነው። አይጥ የበላውን፣ መሪው ሲዞር የሚታሸውን ፈልጉ።

3ኛ. ካንዴላውን አንብቡ

ካንዴላም እንደ ፊደል ይነበባል። ሞተሩ ሲበርድ ፍቱና ጫፉን እዩ።

ደረቅና ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ፣ ደህና ነው።
በደረቅ ጥላሸት ከጠቆረ፣ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል።
በቤንዚን ከራሰ፣ ፍንጣሪ የለም ወይም ቤንዚን አጥለቅልቆታል።
በዘይት ከራሰ፣ ሞተሩ ውስጡ አልቋል፤ የመካኒክ ሥራ ነው።

የጥላሸቱ ነገር በእኛ አገር ልዩ ምክንያት አለው። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። በዚህ ላይ በውቂያ ጊዜ የጤፍ እብቅ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ስለዚህ ካንዴላ ብቻ መለዋወጥ አያዋጣም፤ ማጣሪያውን አጽዱ፤ ካርቡሬተሩን አስተካክሉ።

4ኛ. ፍንጣሪውን ፈትኑ

የተፈታውን ካንዴላ በሽቦው ኮፍያ ላይ መልሱ። የካንዴላውን ብረት ከቀዳዳው ራቅ አድርጋችሁ የሞተሩን ብረት አስነኩት። ኮፍያውን በእጃችሁ ሳይሆን በላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ ያዙ። በአካባቢው የፈሰሰ ቤንዚን አይኑር። ሌላ ሰው ሞተሩን ያዙር።

ሰማያዊና ጠንካራ ፍንጣሪ ካያችሁ የኤሌክትሪኩ መስመር ደህና ነው፤ ጥፋቱን በቤንዚንና በአየር በኩል ፈልጉ። ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ አዲስ ካንዴላ ሞክሩ። አሁንም ከሌለ ኮፍያውን፣ ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ሽቦና የኮይሉን ማሰሪያ እዩ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ እርጥበት ገብቶ ፍንጣሪውን ይሰርቀዋል፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት። ካንዴላው ብረት ሳይነካ ሽቦው ተንጠልጥሎ ሞተሩን አታዙሩ፤ ኮይሉ ይበላሻል። ይህም ካልሆነ የቀረው ኮይሉ ወይም ፍንጣሪውን የሚያዘው ትንሹ ሣጥን ነው፤ ወደ መካኒክ ውሰዱት።

5ኛ. ባትሪው በየጊዜው የሚሞት ከሆነ

አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት አስለኩ። የተሞላ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ወደ 14 መድረስ አለበት። ካልጨመረ ባትሪው አይሞላም ማለት ነው፤ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ከ15 ካለፈም ባትሪውን እያፈላ ይገድለዋል።

ተጠንቀቁ!

ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ይወጣዋል። በክብሪት ወይም በኩራዝ ብርሃን ባትሪም ሆነ የቤንዚን ታንከር አትዩ፤ የእጅ ባትሪ ተጠቀሙ። የባትሪው አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡ፤ ዓይን ከሆነ ታጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

እነዚህን አምስት ተራዎች በወረቀት ገልብጣችሁ በባጃጁ ውስጥ አስቀምጡ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም አንብቡለት።