ባቄላው ጋን ውስጥ ሲከርም

ማፖ ቶፉ የሚባለው የቻይናዋ ሲቹዋን ምግብ ቀይ ዘይት አርግዞ ነው የሚቀርበው። ቀለሙም፣ ጨዋማነቱም፣ ያ ሥጋ ሥጋ የሚለው ጥልቅ ጣዕሙም በአብዛኛው የሚመጣው ከዶባንጂያንግ ነው። ዶባንጂያንግ ባቄላና ቀይ በርበሬ ለወራት ተብላልተው የሚሰጡት፣ ድልህ የሚመስል ማጣፈጫ ነው። ስመ ጥሩው የሚሠራው በቼንግዱ ሥር ባለችው በቀድሞዋ ፒሺያን ሲሆን፣ ሙያው እ.ኤ.አ. በ2008 ከቻይና ብሔራዊ የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር ተመዝግቧል። ቤት ውስጥ ለመሥራት ግን ከትዕግሥት በቀር ብርቅ ነገር አይጠይቅም።

ሥራው የሚጀመረው ከባቄላ ክክ ነው። ክኩ ተዘፍዝፎ ከራሰ በኋላ የፈላ ውሃ ውስጥ ገባ ብሎ ይወጣል እንጂ አይቀቀልም፤ ከበሰለ ኋላ ይላሽቃል፣ ጥሩ ዶባንጂያንግ ደግሞ ጥርስ ላይ የሚገኝ ክክ አለው። ውሃው ሲንጠፈጠፍ በስንዴ ዱቄት ይታሻል፣ የሻጋታ ዘር ይነሰነስበታል፣ ሰፌድ ላይ ሳስቶ ይሰጣል።

ሻጋታው አስፐርጊለስ ኦራይዜ ይባላል፤ አኩሪ አተር ሶስ የሚጠመቀውም በእሱ ነው። 30 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና እርጥበት ያለው ቦታ ካገኘ በማግስቱ ክኩን እንደ ነጭ ጸጉር ይለብሰዋል። ከዚያ ክኩ ይያያዝና ራሱን ማሞቅ ይጀምራል፤ እጅ ሲገባበት ሙቀቱ ይሰማል። 40 ዲግሪ ከደረሰ ሻጋታው ስለሚጎዳ ተፈርፍሮ ይገለበጣል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ቢጫ ወደ አረንጓዴ ሲወስደው ደርሷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሻጋታው ያመነጫቸው ኢንዛይሞች የባቄላውን ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲድ መሰባበር ጀምረዋል፤ የሥጋ ሥጋው ጣዕም ምሥጢር ይኸው ነው።

የድሮ ቤተሰቦች ዘሩ ከአየር መጥቶ እስኪያርፍበት ይጠብቁ ነበር። እኔ ይህን ለማንም አልመክርም። አፍላቶክሲን የሚያመነጨው አስፐርጊለስ ፍላቩስ የዚሁ ሻጋታ የቅርብ ዘመድ ነው፤ መልኩም ቢጫ አረንጓዴ ስለሆነ በዓይን መለየት አይቻልም። የታሸገ ንጹሕ ዘር መግዛት ይሻላል። ጥቁር ወይም ሮዝ ቀለም ከታየ ደግሞ ሁሉም ይደፋል፤ ማራገፍና ማጠብ አያድነውም።

ቀጥሎ ጨው ነው። ክኩ ጠንከር ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ሻጋታው ይሞታል፤ ኢንዛይሞቹ ግን ሥራቸውን አያቆሙም፣ ጨው የሚችሉ እርሾዎችና ባክቴሪያዎችም ይረከባሉ። ለጤና ብሎ ጨው የሚቀንስ ሰው በሩን ለአበስባሽ ተህዋስያን ከፈተ ማለት ነው፤ መቀነስ ያለበት ወጡ ላይ የሚጨመረው መጠን ነው።

በርበሬው ኤርጂንግቲያው የሚባለው ረጅምና ቀጭን ዓይነት ነው፤ ከማቃጠሉ ይልቅ መዓዛው ይበልጣል። ታጥቦ ጠብታ እስከማይቀርበት ከደረቀ በኋላ በጨው ይከተፋል፣ ከባቄላው ጋር ይቀላቀላል፣ ጋን ውስጥ ይገባል። ከዚህ ወዲያ ያለው ጥበቃ ነው። በፀሐይ ጋኑ ይከፈትና ከሥር ወደ ላይ ይገላበጣል፣ ሌሊት ጤዛ ይወርድበታል፣ ደመና ሲከብድ ግን ይከደናል፤ ዝናብ ጨዉን አቅጥኖ የወራት ድካም ያበላሻል። ዓመት የሞላው ቀላ ያለ ነው። ሦስት ዓመት የከረመው ወደ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል፣ ጣዕሙም ይከብዳል። ለቤት የመጀመሪያው ይበቃል ባይ ነኝ።

እኛም ባቄላ አብላልተን መብላት እናውቃለን። ስልጆ የባቄላ ዱቄትና የሱፍ ውሃ ነው፤ በቀናት ይደርሳል፣ የሚያኮመጥጠው ግን ባክቴሪያ እንጂ ሻጋታ አይደለም። ዶባንጂያንግም በዋናው አሠራሩ ሥጋም ቅቤም ስለሌለበት ለጾም ይሆናል።

ምግብ ሲሠራበት ጥሬውን ጣል አይደረግም። ተከትፎ፣ ለዘብ ባለ እሳት፣ ዘይቱ እስኪቀላ ይቁላላል፤ እሳቱ ከበረታ አርሮ ይመራል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ከእሱ በኋላ ይገባሉ፣ ጨው ደግሞ ከተቀመሰ በኋላ፤ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አያስፈልግም።