ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ዶማውን ማን ያንሣ?

በአገራችን «ከሳ» ማለት ታመመ፣ ወይም ከፋው ማለት ነው። «ወፈረ» ማለት ግን ደላው፣ አማረበት ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ውፍረቱን ለመቀነስ ብሎ ጨጓራውን ለሐኪም ቢላዋ አሳልፎ ሰጠ የሚል ወሬ በሚዛን ተፈሪ ገበያ ቢነገር የሚያምን ጥቂት ነው። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ በቤታችንም ደርሷል።

አጎቴ በቡና ንግድ የኖሩ ሰው ናቸው። ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ማዕድ ሲመላለሱ ዘመናት አለፉና ስኳር በሽታና የጉልበት ሕመም ጸናባቸው። ኦፕራሲዮኑን ካደረጉ በዓመቱ እጅግ ቀለሉ። ለዕረፍት ወደ ሸኮ በሄድሁ ጊዜ፦

«ሐኪሙ በየቀኑ ተንቀሳቀስ ብሎኛል፤ እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ እዚህ አገር ምን ስፖርት ቤት አለ?» አሉኝ።

የተቀመጥንበት በረንዳ ፊት ለፊት አረም የዋጠው የቡናና የእንሰት ጓሮ ተዘርግቶ ነበር። «ጓሮውስ?» ብላቸው፣ «የቀን ሠራተኛ አለኝ እኮ!» ብለው ሣቁ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ሣቅ ነው።

በመጀመሪያ ኦፕራሲዮኑ ምን እንደሆነ እንመልከት። ዘዴው አዲስ አይደለም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1954 በአሜሪካ የሚኒሶታ ሐኪሞች የትንሹን አንጀት ብዙ ክፍል ምግብ እንዳያገኘው አድርገው ማገናኘታቸውን አስታወቁ። በ1966 ደግሞ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ጨጓራን ከፍለው ትንሹን ክፍል ብቻ ከአንጀት ጋር የማገናኘትን ሥራ ጀመሩ። ዛሬ በብዛት ከሚሠሩት አንዱ የጨጓራውን ሦስት አራተኛ ያህል ቆርጦ በማውጣት ቀሪውን እንደ ቀጭን ቱቦ የሚያደርገው ነው። በዚህም ምክንያት ሰውየው ጥቂት በልቶ ይጠግባል፤ ረኃብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞንም ይቀንሳል።

ነገር ግን ቢላዋው ጨጓራን እንጂ ልማድን አይቆርጥም። በስዊድን በ1987 ተጀምሮ ብዙ ዓመት የተካሄደ ታላቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ጨጓራቸው ተከፍሎ ከአንጀት ጋር የተገናኘላቸው ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት ከክብደታቸው 32 በመቶ ያህል ቀንሰው ነበር። በ10 ዓመት ግን ቅናሹ 25 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ይኸውም ትርፉ አሁንም ትልቅ ቢሆንም፣ ከወረደው ክብደት ጥቂቱ ተመልሷል ማለት ነው።

የሚመለስበትም ምክንያት አለው። ሰውነት ሲቀል በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ምግብ ያንሳል፤ 120 ኪሎ የነበረው ሰው 80 ሲሆን የሚያስፈልገው እንደ ቀድሞው አይደለም። ከስቡም ጋር ጡንቻ አብሮ ይሄዳል። ጨጓራውም ከዓመታት በኋላ መጠነኛ መለጠጥ አይቀርለትም። እንግዲህ ይህን ቀዳዳ የሚደፍነው የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴ ብቻውን ብዙ ክብደት አያወርድም፤ የወረደውን ለመጠበቅ ግን ብርቱ ዘበኛ ነው።

ለዚህ ስፖርት ቤት የግድ አለመሆኑን የለንደን አውቶቡሶች መስክረዋል። ዶክተር ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው በ1953 ባወጡት ጥናት፣ ቀኑን ሙሉ ከሚቀመጡት ሾፌሮች ይልቅ የባለሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ የሚውሉት ቲኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚጠቁት በጥቂቱ ነበር። በ1956 ደግሞ የደንብ ልብሳቸውን ልክ ቢመረምሩ የሾፌሮቹ የሱሪ ወገብ ሰፍቶ ተገኘ።

አሁን ወደ ሸኮ ጓሮ እንመለስ። የተቀመጠ ሰው በየሰዓቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ አንድ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። ቀለል አድርጎ የሚያርም ከዚህ ሦስት እጥፍ ተኩል፣ በመጠኑ የሚቆፍር አምስት እጥፍ ያህል ያቃጥላል። ስለዚህ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሰዓት ሙሉ ቢቀመጥ 80፣ ሰዓት ሙሉ ቢቆፍር 400 ካሎሪ ያወጣል ማለት ነው። ልዩነቱ 320 ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀንም ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። በየቀኑ ጠዋት 40 ደቂቃ ጓሮ የገባ ሰው ሳምንቱን በ280 ደቂቃ ይዘጋዋል፤ ዶማውና መጥረቢያውም የጡንቻውን ድርሻ ይወጣሉ።

የቡና አገር ጓሮ ደግሞ ሥራ አያልቅበትም። በበጋ የችግኝ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ክረምት ሲገባ ችግኙ ይተከላል። ከለቀማ በፊት በቡናው ሥር ያለው ቁጥቋጦ በገጀራ ይመነጠራል። በመከር ቀዩን ፍሬ መልቀም፣ አልጋው ላይ ማስጣት፣ ማገላበጥ አለ። ጎደሬው ይኮተኮታል፣ ሙዙ ይደገፋል፣ እንጨቱ ይፈለጣል። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ዶማ ተደግፎ «እዚያ ጋ ቆፍር!» እያሉ ማዘዝ ከእንቅስቃሴ አይቆጠርም።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ፣ ከእግር ጉዞ በቀር ከባድ ነገር ማንሳት አይገባም፤ ቁስሉ ሳይጠነክር የሆድ ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላልና። ትንሹ ጨጓራ ውሃ በአንድ ትንፋሽ አይቀበልም፤ ስለዚህ በተለይ እንደ ቴፒ ባለው ሙቀት ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂቱ መጎንጨት ነው። ጡንቻ እንዲታነጽ አስቀድሞ እንቁላሉን፣ ባቄላውን፣ ሥጋውን መብላት፤ የታዘዘውንም ቪታሚን ዕድሜ ልክ አለማቋረጥ ይገባል። ደክሞኛል ብሎ ማር በብርዝ መጠጣት ጨጓራው የተከፈለውን ሰው ልቡን ያስመታዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር፣ ጫማም ሳያደርግ ጓሮ አይግባ።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። «የቀን ሠራተኛው ዕድሜውን ሁሉ ሲቆፍር ምን አተረፈ?» የሚል አይጠፋም። ትክክል ነው። ጠግቦ ላልበላ ሰው ዶማ መከራ እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው በቂ ደመወዝና በቂ ምግብ ነው። እኔ የምለው ጠግቦ ስለተቀመጠው ሰው ነው። ይህ ሰው ሥራውን ሁሉ በሌላ ትከሻ ጭኖ፣ በመጨረሻ ያንኑ ሥራ በገንዘብ ፍለጋ ስፖርት ቤት ይጠይቃል።

ከዚህም ወቀሳ እኛ ተማሪዎች አናመልጥም። በዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ እናቶቻችን ውሃ ቀድተው፣ እንሰት ፍቀው፣ ቡና ወቅጠው ሲያቀርቡልን መጽሐፍ ይዘን የምንቀመጠው እኛው ነን። አጎቴን ስመክር የእኔም መዳፍ እንደ ሕፃን መዳፍ የለሰለሰ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ዶማ ይዤ በራቸው ላይ ቆምሁ። «ሰው ምን ይላል?» አሉ። «ከሳ ይላል፤ እርሱንማ ከአሁን በፊትም ብሏል» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና ጫማቸውን አጠለቁ። ያን ቀን የቆፈርነው ሁለት ጉድጓድ ብቻ ነበር። ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል።