ቁልቋሉ ላይ የሚያንኳኳው ማን ነው?

ማለዳ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላችሁ ስትጓዙ ከዛፍ ላይ «ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ» የሚል ድምፅ ብትሰሙ ቆም በሉ። የሚያንኳኳው ግንደ ቆርቁር ነው። የትኛው ግንደ ቆርቁር እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ትንሽ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ጀርባውን ተመልከቱ። ጀርባው ወርቅማ አረንጓዴ፣ ከጅራቱ በላይ ቀይ፣ ነጣ ያለው ደረቱም በጥቋቁር ጭረቶች የተሞላ ከሆነ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የማይገኘውን የሐበሻ ግንደ ቆርቁር አያችሁ ማለት ነው። ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወንዱ ከኋላ አናቱ እስከ ማጅራቱ ቀይ ሲሆን፣ ሴቷ ይህ ቀይ የላትም። ብዙዎች ከግራጫው ግንደ ቆርቁር ጋር ያምታቱታል፤ እርሱም ከጅራቱ በላይ ቀይ አለውና። የግራጫው ደረት ግን አንዳች ጭረት የለበትም። ስለዚህ ደረቱን ሳታዩ አትፍረዱ!

ይህች ወፍ በሳይንስ ስም የወጣላት እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ስለ ሐበሻ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ በ1814 እ.ኤ.አ. ነው።

ቁልቋልንስ «ካክተስ ነው» ስትባሉ አልሰማችሁም? ይመስላል እንጂ አይደለም። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ወተቱ ዓይን ክፉኛ ስለሚያቃጥል ልጆቻችሁን አስጠንቅቁ። እውነተኛው ካክተስ በለስ ነው፤ እርሱም የመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያ፣ በአሪዞናና በሜክሲኮ በረሃ፣ ጂላ የተባለው ግንደ ቆርቁር ሳጓሮ በሚባል ግዙፍ ካክተስ ውስጥ ጎጆውን ይቆፍራል። ተክሉ ቁስሉን በጠንካራ ቅርፊት ይሸፍናል፤ ወፎቹም ግድግዳው እስኪደርቅ ወራት ይታገሣሉ። እነርሱ ሲለቁ ትንንሽ ጉጉቶች ይገቡበታል።

የእኛው ግን በረሃ አያውቅም። ከ1,600 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋና ወይና ደጋ፣ በጥድ፣ በኮሶና በቁልቋል መካከል ይኖራል። ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከዚሁ ክልል ውስጥ ናት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ግንደ ቆርቁር ለመቆፈር የሚመቸው የደረቀ ወይም የበሰበሰ እንጨት ነው፤ ለማገዶ ቀድሞ የሚቆረጠውም ያው ነው። ለጋ የባሕር ዛፍ ተክል የደረቀና የተቦረቦረ ግንድ የለውምና ብዙም አይጠቅመውም። በደቡብ ጎንደር ያረጀ ጥድና ወይራ በብዛት የተረፈው በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቁት ጥናት በዞኑ በሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ 168 የእንጨት ተክል ዝርያዎችን መዝግበዋል። ጎረቤቶቻችን ለዘመናት ለጠበቁት ደን ምስጋና ይገባቸዋል።

ባለትዳሮች ሆይ፣ አንዱን ካያችሁ ወዲያው አትሂዱ፤ ሁለተኛው በአቅራቢያው ሊኖር ይችላል። የግንደ ቆርቁር ወገኖች ጎጆውን ሁለቱም ይቆፍራሉ፣ ተራ በተራም እንቁላል ይታቀፋሉ፤ ሌሊቱን የሚታቀፈው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው። በግቢያችሁ የደረቀ ጥድ ካለም መጥረቢያ ከማንሣታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ክብ ቀዳዳ እንዳለበት እዩ።